እጄን ከገበታው ሳላነሳ

ሆዳም ነበርኩ። ሌላ ሰው ቀድሞ ሳይለኝ እኔው ልበለው። በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ላይ ድግስ የደገሰ ሰው እኔን ሲጠራ ሁለት ሰው እንደጠራ ይቆጥር ነበር። ሥራዬ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ ጽሕፈቴ እንደሚያምር ይነገርልኝ ነበር። ከተማው ያወቀኝ ግን በጽሕፈቴ ሳይሆን በአፌ ነው፤ እሱም ለንግግር አይደለም።

ትሪ ከተከበበ መጨረሻ የምነሳው እኔ ነኝ። ሌላው እጁን ታጥቦ፣ ጥርሱን ፍቆ፣ ስለ ዝናቡ ሲያወራ እኔ ገና የትሪውን ጠርዝ እየዞርኩ ነው። ባለቤቴ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ ሠላሳ ዓመት በልታለች። ነቀምቴ አጠገብ ያለችው የጉቴ ልጅ ናት፤ የአፍ መፍቻዋ ኦሮምኛ ነው። አማርኛ የተማረችው ከእኔ ስለሆነ በአማርኛዋ ላይ ስህተት ካለ የእኔ ነው። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «አባ መና» ትለኛለች፣ የቤቱ አባት ማለቷ ነው። እኔም «ሃዳ መና» እላታለሁ፣ የቤቱ እናት። ልጅ አልተሰጠንም። አባትና እናት ሆነን ቤቱን ብቻ ስናሳድግ ኖርን።

መጀመሪያ የተጣላኝ ሥጋ ነው። ጥብስ ጉሮሮዬ መሀል ላይ ይቆምና ውሃ እስክልክበት ድረስ አይወርድም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆዳም ሰው መዋጥ አቃተኝ ብሎ ለማን ይናገራል? ቀጥሎ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ኡኬ ላይ ሰርግ ተጠርቼ፣ የሙሽራው አባት በክብር ያጎረሰኝ ጉርሻ እዚያው ተሰንቅሮ ቀረ። እንባዬ እየፈሰሰ ከዳሱ ጀርባ ሄጄ አወጣሁት። ስመለስ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ዛሬ ትሪው አሸነፈው ይላሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቂጣው ተጣላኝ፣ ከዚያ እንጀራው፣ መጨረሻ ላይ ከአጥሚትና ከወተት ሌላ ወዳጅ አልቀረኝም።

ጎረቤቱ የሰው ዓይን ነው አለ። ሲበላ ያየው ሰው ይፈለግ ተባለ። ነቀምቴ ውስጥ ደግሞ እኔ ስበላ ያላየ ሰው አይገኝም፤ ከተማው በሙሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ነገሩ ተተወ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ግን ጉሮሮዬን ዳብሶ፣ ሱሪዬ በገመድ መታሰሩን አይቶ፣ ነገ ሳይሉ ዛሬ አዲስ አበባ ይሂዱ አለኝ። ባለቤቴ የመሶቡን ክዳን ዘግታ፣ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ አብራኝ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

አዲስ አበባ ኖራ የሚመስል ነገር አጠጥተው ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ናቸው፤ አስተርጓሚው ደግሞ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ነቀርሳ ነው አለኝ። የታመመውን ጉሮሮህን ቆርጠው ያወጡና ጨጓራህን ወደ ላይ ስበው ደረትህ ውስጥ ከቀረው ጋር ይሰፉታል፤ ብዙ ሰው አይተርፍም፤ ትስማማለህ? እኔ ደግሞ ፍርሃት ሲይዘኝ ምላሴ አያርፍም። ሆዴ ወደ አፌ እንዲቀርብልኝ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ ኖሬ እንዴት እምቢ እላለሁ አልኩት። አስተርጓሚው ይህን ለሐኪሙ አልነገራቸውም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አስጫነኝ፤ ጸሐፊ ነኝ፣ መፈረም እችላለሁ ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።

ተረፍኩ። ከጀርባዬ እስከ ጎኔ እንደ ኮርቻ መጫኛ የዞረ ስፌት ይዤ ሦስት ወር ተኛሁ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ዘመድ ቤት አርፋ ከቤቱ ሴቶች ጋር ትበላ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ልንወጣ ስንል ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጠው ትእዛዝ ሰጡ። በቀን ሰባት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት፣ እያላመጥክ። ምግብና ውሃ አንድ ላይ አይሁን። በልተህ አትጋደም፤ ስትተኛም ትራስህ ከፍ ይበል። በየወሩ ተመዘን። በመስከረም ስትመለስ ስድሳ ኪሎ ካልሞላህ፣ አለ አስተርጓሚው፣ ካልሞላህ ብሎ ቆመ። ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። ያልጨረሰው እሱ ነው።

በጥር ነቀምቴ ገባን። እንኳን ለዚህ አበቃህ ለማለት የመጣው ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ መጣ፤ ለበሽተኛ የሚሰጥ ጉርሻ ደግሞ ከፍቅር ብዛት ለጤነኛ ከሚሰጠው ይበልጣል። እምቢ ብል ንቀት ነው፤ እሺ ብል ሞት ነው። ሁለት ጎረስኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ከተቀመጥኩበት ወንበር ተንሸራትቼ መሬት ላይ አረፍኩ። እንግዶቹ ወጡ። ባለቤቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ላቤን ጠረገች፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ጎረቤት በሩን ሲያንኳኳ ተኝተዋል ማለት ጀመረች።

እንዲህ ያለ ኑሮ ነው። ማር ብቀምስ ልቤ ይሮጣል። ወተት ብጠጣ ሆዴ ይገለበጣል። ዝቅ ብዬ ጫማዬን ባስር ጠዋት የበላሁት አፌ ላይ ይመጣል። ከጀርባዬ የጤፍ ከረጢት ተደግፎልኝ ተቀምጬ ነው የምተኛው፤ ሌሊቱን ሙሉ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ እመስላለሁ። የንስሐ አባቴ ከጾም ነጻ ነህ አሉኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሆዴ የሚያለቅስብኝ ሰው፣ ዓርብ ቀን ሥጋ ሲፈቀድልኝ የምውጥበት ጉሮሮ የለኝም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ርቦኝ አለማወቄ ነው። ረሃብ ራሱ ከተቆረጠው ጋር ተቆርጦ ወጥቷል። ገበታ ሲቀርብ የማያውቁት ሰው ሲገባ እንደሚነሱት ያህል ለወጉ እቀርባለሁ። ሦስት አራት ጊዜ ጠቅሼ እጄን አነሳለሁ።

መመዘኛ ስንፈልግ የቡና ነጋዴው ትዝ አለን። ጎጃሜ ነው፤ በወጣትነቱ ቡና ሊገዛ መጥቶ ነቀምቴ ላይ የቀረ፣ ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ትሪ የበላ፣ ቀልዱ የሚቆረቁር ሰው። ከገበያው ጀርባ መጋዘን አለው፤ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ የሚመዝንበት ባስኩላ ቆሟል። እዚያ ስደርስ ወዛደሮቹ ፊት እንደ ጆንያ መመዘን አሳፈረኝና ወደኋላ አልኩ። ባለቤቴ ይህን አይታ እኔ ልቅደም አለች። ቤተ ጸሎት እንደምትገባ ሁሉ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ስድሳ አንድ ኪሎ። ነጋዴው በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፈው። ቀጥሎ እኔ ወጣሁ።

«ሦስት ፈረሱላ ከሦስት ኪሎ» አለ። አንዱ ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ነው፤ ሃምሳ አራት ማለቱ ነው። «ገለባህ ሲነፋ ደግሞ ይቀንሳል።»

እሱንም ከእሷ ቁጥር ጎን ጻፈው። ከበሽታዬ በፊት ሰማንያ አምስት ነበርኩ። ባለቤቴ ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየችው። ስድስት ኪሎ ነው የጎደለው አለች፤ እስከ መስከረም ስምንት ወር አለ፤ ለዚህ ለዚህ እኛ አናንስም።

በየካቲት ስንሄድ ሃምሳ ሦስት ሆንኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላዬ ተከተለችኝ። በዚያ ሳምንት ቅቤውን እጥፍ አደረገችው፤ ቅቤው ደግሞ እኔን እጥፍ አድርጎ አጠፈኝ። ያቀረበችውን ሳልጨርስ እጄን ሳነሳ ትሪውን ይዛ ስትሄድ ከጀርባዋ አያታለሁ። የከበደኝ እኔ መሞቴ አልነበረም፤ እሱን ሐኪም ቤት ተለማምጄዋለሁ። የከበደኝ ያቺ ጀርባ ናት።

እናም ዘዴ ፈጠርኩ። ዘዴኛ ነኝ፤ ሰው ሞኝ ካልሆነ ዘዴኛ አይሆንም። በመጋቢት ከወንዝ ዳር ሦስት ድንጋይ ለቅሜ በኮቴ የውስጥ ኪስ ጨመርኩና ባስኩላው ላይ ወጣሁ። ሃምሳ አምስት። ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከአዲስ አበባ ከመጣን ስትስቅ ሳያት ያኔ መጀመሪያዬ ነው። ነጋዴው መጀመሪያ ኪሴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ የእሷን ሳቅ አየ፣ ከዚያም ከሰሉን አንስቶ ጻፈ። በሚያዝያ ድንጋዩ አራት ሆነ፤ ሃምሳ ሰባት። ወደ ቤት ስንሄድ ከጎኔ ሆና እየተጫወተች ነው። እንዲህ ከሆነ በየወሩ አንድ ድንጋይ ምን ይጎዳል አልኩ። በመስከረም ሐኪሙን በምን እንደማታልል ገና አላሰብኩበትም ነበር።

ግንቦት ላይ አምስተኛው ድንጋይ በዛበት መሰለኝ፣ የባስኩላውን ብረት ስረግጥ የኮቴ ገበር ተቀደደ። ድንጋዮቹ በየተራ ብረቱ ላይ ወደቁ። ድምፁ መጋዘኑን ሞላው። ወዛደሮቹ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቆሙ። ነጋዴው አንዱን ድንጋይ በእግሩ ወደ ጆንያው ሥር ሊገፋ ሞከረ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሁሉንም በነጠላዋ ለቀመች። ቆጠረቻቸው። ከግድግዳው ሥር በአንድ ረድፍ አስቀመጠቻቸው። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ የቀረሁትን እኔን መዘነ። ሃምሳ አንድ ነበርኩ።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጫማዋን አወለቀች።

«እንግዲህ እኔም ልውጣ» አለች። «ይህ ብረት ውሸታም ከሆነ በእኔም ይታወቃል።»

ወጣች። ነጋዴው ሚዛኑን ስድሳ ላይ አደረገው፤ ዘንጉ አልተነሳም። ወደ ኋላ ጎተተው። አሁንም ጎተተው። አርባ ስድስት ላይ ሲደርስ ዘንጉ ተነሳና ቆመ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እዚያው መጣ። ቀልድ የማይቀርበት ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ፈረሱላም አላለ፣ ገለባም አላለ። ከሰሉን አነሳና ሳይጽፍ መልሶ አስቀመጠው። በጥር የጻፈው ስድሳ አንድ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ይታያል።

ያን ጊዜ አየኋት። አምስት ወር በአንድ ትሪ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ያላየኋትን ሴት ያን ጊዜ አየኋት። መቀነቷ ሦስት ጊዜ ዞሯት ነበር። አንገቷ ላይ ሁለት ጅማት ቆሟል። የእጇ አንጓ የልጅ ሆኗል። ከእኔ ሌላ በሽተኛ በዓለም ላይ ያለ ስለማይመስለኝ ሐዘኑንም፣ ክሳቱንም፣ መታየቱንም ለብቻዬ ወስጄው ኖሬያለሁ። ሆዳምነት ገበታ ላይ ብቻ አይደለም።

ታመሻል ወይ አልኳት።

«አልታመምኩም። አባ መና እጅዎን ሲያነሱ አነሳለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቤት ስንደርስ አስረዳችኝ፤ ለማስረዳትም የተገረመች ትመስላለች፣ ሠላሳ ዓመት አብሮ የበላ ሰው እንዴት ይህን አያውቅም በሚል። በእናቷ ቤት ሕግ የቤቱ አባት እጁን ከገበታ ካነሳ በኋላ የሴት እጅ ገበታ ላይ አይታይም። እሷም በዚህ አደገች፣ በዚሁ ተዳረች። እኔ ቤት ስትመጣ ሕጉ አልተሰማትም፤ ምክንያቱም እኔ እጄን አላነሳም። እሷ ጠግባ፣ ደግማ ጠግባ፣ ውሃ አምጥታ ስትጠብቀኝ ነው የኖረችው። ሆዳምነቴ ጥላዋ ነበር። ሐኪሙ ያንን ጥላ ቆርጠው ሲጥሉት ፀሐዩ ያረፈው በእሷ ላይ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ጠቅሼ እጄን ሳነሳ እሷም ሦስት ጊዜ ጠቅሳ ታነሳለች። ሐኪሙ ሰባት ጊዜ ያሉት ደግሞ ለእኔ የታዘዘ ነው፤ በመሀል በመሀል የምቀማምሰው አጥሚት የበሽተኛ ነው ብላ አትነካውም።

ጓዳ ገብተሽ ለምን አትበይም አልኳት።

«ሞክሬያለሁ» አለች። «እርስዎ እዚህ እየከሱ፣ እኔ እዚያ ተደብቄ? አይወርድልኝም።» እንዲህም ስትል ጨመረች። «ደግሞ እየጨመሩ ነበር። በእርስዎ ልክ ስበላ እርስዎ ይጨምራሉ። ይህ ነገር ተስማምቶናል ብዬ ነው የተውኩት።»

ድንጋዮቼን ያኔ ነው የዋጥኳቸው። ምንም ነገር አይወርድልኝም ስል የኖርኩት ሰው አምስቱም ወረዱልኝ።

የእሷ ታላቅ ወንድም ከጉቴ እንዲመጣ ላክሁበት። ከጸሎት ቤታቸው ሽማግሌዎች አንዱ ነው፤ ረጋ ያለ፣ በአማርኛ ከእኔ የሚበልጥ ሰው። እኛ አማች የምንለውን እነሱ ሶዳ ይሉታልና፣ እሱም እኔን የሚጠራኝ በዚሁ ነው። ነገሩን ሁሉ፣ ድንጋዩንም ጨምሮ ነገርኩት።

«ሶዳ፣ ይህ የመንግሥት ሕግ አይደለም» አለ። «የወንጌልም አይደለም። የእናታችን ነው።»

እሷ ከምድጃው ዳር ሆና መለሰችለት። «እናታችን ደግሞ ሞታለች። ማን ይፍታኝ?»

እሱ ለመነ፣ ጸለየ፣ ተቆጣ። እሺ አለችው። በማግስቱ ገበታ ላይ እኔ እጄን ሳነሳ እጇ ትሪው ላይ ለመቆየት ሲሞክር አየሁ፤ ጣቶቿ እንጀራውን እንደያዙ ደረቁ። ሌላ ሰው ቤት ገብታ የምትሰርቅ መሰለች። ከዚያ አነሳችው። ሠላሳ ዓመት የተሠራ እጅ ነው፤ ምን ታድርገው?

ስለዚህ የቀረው የእኔ እጅ ነበር። እሷ እስክትጠግብ ድረስ ላላነሳው ወሰንኩ። መጀመሪያ ትሪው ጠርዝ ላይ ዝም ብዬ አሳረፍኩት፤ እጅዎ ተኝቷል እንጂ አይበላም አለችኝ። እንዲህ በዋዛ የምትታለል አልነበረችም፤ አንዴ በድንጋይ ተታልላለች። እጄ ወደ አፌ መሄድ ነበረበት። እንግዲህ የምስር ፍሬ የምታክል እንጀራ እቆርሳለሁ፣ ወጡን አስነካታለሁ፣ ሠላሳ ጊዜ አላምጣለሁ፣ እውጣለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ እቆርሳለሁ። ምሳችን ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በረንዳዬ ላይ ባለጉዳይ ተሰልፎ ይቆየኛል። ነጋዴው አንድ ቀን መጥቶ ይህን አይቶ፣ ዶሮ እንኳ ከአንተ ፈጥና ትለቅማለች አለኝ። በሰባተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ተረዳሁ፤ ልቤ አልሮጠም፣ ላብ አላጠመቀኝም፣ የበላሁት እዚያው ተቀምጧል። ሐኪሙ አዲስ አበባ ላይ ያዘዙኝ ይህንኑ ኖሯል። እኔ ለራሴ ስል ያልፈጸምኩትን ትእዛዝ ነው።

ክረምቱን እንዲህ ከረምን። በነሐሴ ስንመዘን፣ ኪሶቼን ገልብጬ አሳይቼ፣ ሃምሳ ስድስት ሆንኩ። እሷ ሃምሳ። ነጋዴው ግድግዳው ላይ ሲጽፍ ከሰሉ እጁ ላይ ተሰበረ። እንደገና ቀልዱ መጣለት፤ ሁለታችንን አንድ ላይ ብናስር አንድ ደህና ጆንያ ይወጣናል አለ።

በመስከረም መባቻ ኡኬ ላይ የእህቷ ልጅ ሞተችና ለለቅሶ ሄደች። አትሂጂ አላልኳትም፤ ለቅሶ የሚከለክል ሰው የለም። ኡኬ ቆላ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ወባው ይነሳል። አምስት ቀን ውጭ ድንኳን ውስጥ አድራ ተመለሰች። በተመለሰች በሳምንቱ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ድሬሰሩ ክኒን ሰጣት፤ ክኒኑን ታስመልሰዋለች። በደህናው ጊዜዋ ቢሆን ወባ ለእሷ እንግዳ አይደለም፤ ሦስት አራት ጊዜ ይዟት ተኝታ ተነስታለች። አሁን ግን የሚበላው ሥጋ አላገኘምና እሷኑ በላት። ድሬሰሩ ወደ ውጭ ጠርቶኝ፣ ምግብ ከወሰደች ነው እንጂ አለኝ። ይህኛው ደግሞ እንደ አስተርጓሚው ቆመ።

የአንጮቴ ወቅት ነበር። አንጮቴ የወለጋ ሥር ነው፤ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ይደቆሳል፣ አጥንት ለተሰበረ ሰውም ለአራስም ይበላል። ለእኔ ጉሮሮም ለእሷም ከእሱ የሚለሰልስ የለም። ወንድሟ ከጉቴ ማሳው ቆፍሮ አመጣ። በሳህን አድርጌ አልጋዋ ዳር ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ወደ አፏ ሳቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ገባኝ። እኔ ቀመስኩ። ያኔ አፏን ከፈተች።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። አንድ ማንኪያ ለእኔ፣ አንድ ማንኪያ ለእሷ። እሷ ስድስት እንድትወስድ እኔ ስድስት መዋጥ አለብኝ፤ በቀን ሰባት ጊዜ ሳይሆን በየሰዓቱ፣ እያላመጥኩ ሳይሆን እየቸኮልኩ፣ ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ባለላት ሰዓት ሁሉ። ልቤ ደረቴን ሊሰብረው ይደርሳል። ላቤ ሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል። አልፎ አልፎ ሳህኑን አስቀምጬ መጣሁ እላትና ከኩሽናው ግድግዳ ጀርባ ሄጄ እገለብጠዋለሁ፤ ፊቴን ታጥቤ፣ ጺሜን አብሼ፣ የጠገበ ሰው መስዬ እመለሳለሁ። ወንድሟ አንድ ቀን እዚያ ግድግዳ ጋ አግኝቶኝ ትከሻዬን ይዞ ቆመ። ጉሮሮዬ እስኪያርፍ ይዞኝ ቆይቶ ለቀቀኝ።

በስምንተኛው ቀን ስድስቱን ማንኪያ ጨረሰች። ደስ አለኝ፤ የሚመጣበትን ሽንፈት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይደሰትም። በዘጠነኛው ቀን ሦስተኛው ላይ ጥርሷን ገጠመች። እኔ ሦስተኛዬን ውጬ አራተኛውን አነሳሁ፣ እሱንም ዋጥኩ፣ አምስተኛውንም። አየችኝ። ዓይኖቿ ቢጫ ሆነዋል፤ ግን የምታውቀኝ ሴት ዓይን ነበሩ።

«ጀርባው ጋ ሲሄዱ እሰማለሁ» አለች።

ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለስኩ።

«እኔ ጠግቤያለሁ፣ አባ መና። እርስዎ ግን እጅዎን አያንሱ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው በእናቷ ቋንቋ ነው፤ ከእናቷም ጋር ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ገበያተኛው ወደየቤቱ ሲመለስ፣ አረፈች።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ እኔን ለማጉረስ ተነሳ። ወንድሟ ከጎኔ ተቀምጦ የእያንዳንዱን እጅ በትሕትና መለሰ፤ ሶዳ በራሱ እጅ ይበላል እያለ። በራሴ እጅ በላሁ። የምስር ፍሬ የምታክል፣ ሠላሳ ጊዜ። ነጋዴው ከትሪው ማዶ ተቀምጦ ያየኝ ነበር፤ ከዚያ ሳምንት በኋላ ግድግዳውን ኖራ እንደቀባው ሰማሁ። ሄጄ አላየሁትም።

የመስከረሙን ቀጠሮ አሳልፌ በኅዳር አዲስ አበባ ገባሁ። ብቻዬን። ሐኪሙ መዘኑኝ፤ ስድሳ ኪሎ ከግማሽ። የለቅሶ ቤት ሰው እንዴት ይጨምራል እንዳትሉኝ፤ ትእዛዝ አለብኝ። ስፌቱን አዩ፣ ደረቴን አዳመጡ፣ በፈገግታ እጄን ጨብጠው አንድ ነገር አሉ። ያ ቃል ቆጣቢ አስተርጓሚ በዚያ ቀን ብቻ ሙሉውን ተረጎመልኝ።

«ሚስትህ በደንብ መግባሃለች ይላሉ።»

አዎ አልኩ። አመስግንልኝ አልኩ።

እነሆ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሆነ። ብዙ ሰው አይተርፍም ያሉኝ ሐኪም ራሳቸው ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ እኔ ደረቴ ውስጥ ጨጓራዬን ተሸክሜ በቀን ሰባት ጊዜ እለቅማለሁ። ዛሬም ሰርግ ወይም ለቅሶ ቤት ስጠራ ትልቅ ነህ ተብዬ ከትሪው ራስ ያስቀምጡኛል። ትልቁ እጁን ሲያነሳ ሌላውም እንደሚያነሳ አውቃለሁ። ስለዚህ ትሪውን ዞሬ አያለሁ፤ ከሁሉ የከሳው ማን ነው፣ ይበልጥ የሚያፍረው ማን ነው እላለሁ። እሱ ገና እየበላ ከሆነ እኔም ገና ነኝ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተጠቃቅሰው ይስቁብኛል፤ ይህ ሽማግሌ ጥርስ እንኳ ሳይኖረው ሆዳምነቱን አልተወም ይላሉ። የምስር ፍሬ የምታክል ቆርሼ፣ ወጡን አስነክቼ፣ ወደ አፌ እወስዳለሁ፤ ያ የከሳው ሰው እጁን እስኪታጠብ።